ፋግታ ለኮማ፦ ዲከረንስ ይቀጥል ወይስ ወደ እህል እንመለስ?

የአዲስ ቅዳም ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአዊ ዞን፣ በእኛ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነበር። አሁን ዋግ የሚባለው በሽታ ገብቶበት ብዙው ማሳ ላይ እየደረቀ ነው። አንዱ "ተነቅሎ ወደ እህል እንመለስ፣ በእርሻ መሬት ላይ መትከልም ይከልከል" ይላል። ሌላው "ያለሱ ምን እንበላለን?" ይላል። እናንተስ?

የዳንግላዋ፦ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። ለከሰል ብለን የእንጀራ መሬታችንን ሰጠን። እህል ከገበያ የሚሸምት ገበሬ የጤፍ ዋጋ ሲንር ቀድሞ ይጎዳል። ከሰሉም በጆንያ ታስሮ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ደህናውን ትርፍ የሚይዘው ደላላውና ነጋዴው ነው።

የእንጅባራ ልጅ፦ እታለም፣ ስለ ሽመታው ያልሽው ልክ ነው። ግን ገበሬው መጀመሪያ ለምን ተከለው? አፈሩ አሲዳማ ነው። ማዳበሪያ ብትጨምሪበትም ምርቱ የልብ አያደርስም። ዲከረንስ መነሻው አውስትራሊያ ቢሆንም የባቄላና የአተር ወገን ነው፤ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። ደግሞ እህልን ጨርሶ አላስወጣም። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አንድ ማሳ ላይ ያድጋል፣ ጤፉ ይታጨዳል። በሁለተኛው ዓመት በመካከሉ የበቀለው ሣር ለከብት ይሆናል። በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ይከስላል። ከዚያ እንደገና ጤፍ ይዘራል። ይህን ዘዴ ያዳበረው ገበሬው ራሱ ነው፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ። መሬት የሌለው ወጣትም በመቁረጥ፣ በማክሰልና በመጫን ሥራ አገኘ። በደብዳቤ ብትከለክይው ያ ልጅ የት ይሂድ?

የግብርና ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ዋጉን አቃለላችሁት። በሽታው ፈንገስ ነው፣ በነፋስ ይዛመታል። አንድ ዓይነት ዛፍ በተመሳሳይ ዕድሜ፣ ተጠጋግቶ፣ ከማሳ ማሳ ሲቆም ለሱ ግብዣ ነው። መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ አያዋጣም። የሚያዋጣው ማቀላቀል ነው፦ ዲከረንስ በአንዱ ጥግ፣ ለጣውላ የሚሆነው የግራቪሊያ ዛፍ በሌላው፣ ድንችና ገብስ የአፈሩን አሲድ የሚቀንስ ኖራ በተበተነበት መሬት ላይ። ኖራው ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ገበሬውን ይገድለዋል። መንግሥት ገንዘብ ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ከቦንጋ፦ ከሩቅ ልግባ። የእኛ ካፋ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ፣ ተብሎ ተመዝግቧል። በብዙ ቀበሌ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፤ ቡናውን፣ ማሩን፣ ቅመሙን ይሸጣል። ደኑ ቆሞ ገቢ ይሰጣል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቡናው ከኛ የሚወጣው በጥሬው ነው። ቆልቶ አሽጎ የሚሸጠው ሌላ ቦታ ነው። እናንተም ጋ ከሰል ብቻ እየወጣ እንጨት ሥራው ካልመጣ ዛፍ ብትቀይሩም ያው ነው።

የእንጅባራ ልጅ፦ ከቦንጋ ያልከው ልቤን ነካው። ወረዳው ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ፣ የቤት ዕቃ መሥሪያ፣ ለወጣቱ ብድር ቢኖር ገበሬው ግራቪሊያን ለምን ይጠላል? ከሰል የመረጠው ቶሎ ብር የሚሆንለት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከተማው ከሰሉን ይፈልጋል፣ ፋብሪካውንም ለራሱ ያስቀራል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

የዳንግላዋ፦ እሺ፣ ክልከላውን ትቼዋለሁ። ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የመሬቱን ሲሶ ለእህል ያቆይ። በዚህ አልደራደርም።

የአዲስ ቅዳም ልጅ፦ እህቴ፣ ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ሲሶ ስንት ይሆናል? በኮንትራት መሬቱን ያከራየችውን መበለትስ ማን ያስገድዳታል? እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ኖራው ከዘር በፊት ይድረሰን፣ የሌላ ዛፍ ችግኝም በየቀበሌው ይፈላ። ሲሶውን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበት።

የዳንግላዋ፦ ኖራው ሳይደርስ ሐምሌ ቢገባስ?

የአዲስ ቅዳም ልጅ፦ ያኔ ገበሬው መልሶ ዲከረንሱን ይተክላል፣ እኔም አልፈርድበትም።