ለአዲስ ተውኔት የሚሰጠው ገንዘብ የት ይዋል? የባሕር ዳር ሰዎች ክርክር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ለቴአትር የሚውል የሕዝብ ገንዘብ ቢገኝ፣ ተጠናቆ መድረክ ላይ ለሚወጣ ትርዒት ይሰጥ? ወይስ ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔቶች በየሰፈሩ ረቂቃቸውን ለሚያስነብቡበት መርሐ ግብር?

ጸሐፌ ተውኔት (ከሽምብጥ ሰፈር)፦
እኔ ለረቂቁ ይሁን ባይ ነኝ። ልብ ወለድ ደራሲ በሩን ዘግቶ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ተውኔት ግን በሰው አፍ ካልተነገረ የት ላይ እንደሚያነክስ አይታወቅም።

ባለፈው ዓመት ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅና ስለ ልጁ አጭር ተውኔት ጻፍኩ። አባትየው ጣና ዳር ተቀምጦ መረቡን እየጠገነ ስለ ዕዳው ለልጁ ይነግራታል። ንግግሩ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ ስጽፈው እንባ ተናንቆኝ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ለአሥራ አምስት ያህል ሰዎች አስነበብኩት። ንባቡ ሲያበቃ ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ ያሳለፉ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ መረብ የሚጠግን ሰው ክሩን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚይዘው። ይህን ሁሉ በምን አፉ ያወራዋል?» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ገጹን በሙሉ ሰረዝኩት። አሁን አባትየው ዝም ብሎ ይጠግናል፤ የምትጠይቀው ልጅቱ ናት። ክሩን በጥሶ አፉ ነጻ ሲሆን አንዲት ቃል ብቻ ይመልስላታል። ይህንን ከመጋረጃው መከፈት በኋላ ብሰማው ኖሮ ልብሱ ተሰፍቷል፣ ተዋናዩ ቃሉን አጥንቷል፣ ገንዘቡም አልቋል፤ ምን ላደርገው እችል ነበር?

የቴአትር አዘጋጅ፦
ወንድሜ፣ የነገርከን ልብ ይነካል። ሐሳብህን ግን አልቀበልም። በዚህ ከተማ የጠፋው ረቂቅ አይደለም፤ የእኔ መሳቢያ ብቻውን በረቂቅ ሞልቷል። የጠፋው ተመልካች ፊት የሚቆም ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሀገር ፍቅር በ1927፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ደግሞ በ1948 ተከፈተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚያ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ጸሐፊ የሚበረታው ቃሉን የሚጠብቅ መድረክና ቃሉን የሚሸከም ተዋናይ ሲኖረው ነው።

ተዋናይ ደግሞ ይርበዋል። እኔ አሠልጥኜ ያሳደግኳቸው ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም፣ የቤት ኪራይ አለባቸው። ያለችውን ገንዘብ በአሥር ሰፈር ብትበትናት አሥር ቦታ ቡና ይፈላ ይሆናል፣ አንድም መጋረጃ ግን አይከፈትም።

የቅኔ መምህር፦
ጸሐፊው የሚለው ነገር ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ነገራ የምንለው ይህንን ነው። መምህሩ ይሰማል፣ ያቃናል፣ ያልበሰለውንም ይጥላል። ጀማሪውን መወድስ አምጣ የሚለው የለም፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደር ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው በነገራ ላይ ነው። ለቴአትርም ነገራ ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ነገራ ለመምህር ነው፤ ለአደባባይ አይደለም። ያልበሰለውን ቅኔ ለጉባኤ የሚያወጣው የለም። አሥራ አምስት ሰው አሥራ አምስት አስተያየት ቢሰጥህ የትኛውን ትሰማለህ? ሁሉንም ደስ ላሰኝ ያልክ ቀን ወርቁ ይጠፋና ሰሙ ብቻ ይቀርሃል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ርዕሱ ከላይ ይመጣል፣ መጨረሻውም አብሮ ይመጣል፤ የእኛ ድርሻ መካከሉን መሙላት ነበር። በሽታው የያዛትን ልጅ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ተጫውቻታለሁ። ልጅቱ ለምን እንደ ወደደች፣ ማታ ማታ ምን እንደምታስብ የጠየቀ ግን አልነበረም። ትምህርቱ አስፈላጊ እንደ ነበር አልክድም፤ ሰው ሲረግፍ አይተናል። ነገር ግን ከዚያ ክበብ አንድም ጸሐፊ አልወጣም።

በንጉሡም በደርግም ዘመን ተውኔት ለመድረክ ከመብቃቱ በፊት የሳንሱርን እጅ ማለፍ ነበረበት። ረቂቅ የሚነበብበት መርሐ ግብር በመንግሥት ቢሮ ገንዘብ ከተቋቋመ፣ ቢሮው ረቂቁን አስቀድሞ ልየው ማለቱ አይቀርም። ጀማሪ ጸሐፊ ደግሞ ለእንቢታ ጉልበት የለውም። ለዚህ መልስ ካልተገኘ እኔ ከአዘጋጁ ጎን ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ጋሼ፣ መጋረጃ ሲሉ የምሽት ትርዒት ማለትዎ ከሆነ፣ በዚህ ጊዜ ስንቶቻችን አምሽተን ወደ ቤት መግባት እንችላለን? እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ከሆነ እናቴም ትፈቅድልኛለች። የጻፍኩት አለኝ። እስካሁን ለማንም አላነበብኩትም።

ጸሐፌ ተውኔት፦
የኔታ፣ እውነትዎን ነው፤ አስተያየት እንደ ድምፅ ቢቆጠር ተውኔቱ ይሞታል። እኔ ግን ያን ቀን ከአሥራ አምስቱ የወሰድኩት የአንድ ሰው ቃል ነው፤ የወሰድኩትም መረቡን ስለሚያውቁት ነው። ሌሎቹ ልጅቱን ዳራት፣ መጨረሻውን አስደስተው ብለውኝ ነበር፤ አመስግኜ ተውኩት። ከቃላቸው ይልቅ የጠቀመኝ መቀመጫቸው ላይ መንቆራጠጣቸው ነው። ሰው የት ላይ እንደሚስል፣ የት ላይ ጸጥ እንደሚል ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁ። መምህር ይኑረን፣ ግን እርሱም ከእነዚያ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ይስማ።

እህቴ፣ ያንቺ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከቢሮው ለንባቡ የሚያስፈልገው ብቻ ይምጣ እላለሁ። አዳራሽ፣ ወንበር፣ ረቂቁ የሚባዛበት ወረቀት፣ ለአንባቢ ተዋንያን የትራንስፖርት። ርዕስ የሚሰጥ አይኑር፤ ረቂቁም ከንባቡ በፊት ለማንም አይገባ። ይህ ካልሆነ እኔም ይቅርብኝ እላለሁ።

ጋሼ፣ መሳቢያዎ ውስጥ ካሉት ረቂቆች ስንቶቹን ጮክ ብሎ ያነበባቸው ሰው አለ?

የቴአትር አዘጋጅ፦
ምናልባት ሁለቱን። ልክ ነህ፣ ይህን መደበቅ አልችልም። ብዙዎቹን ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው የተውኳቸው።

አሁንም ግን ንባብ ብቻውን ግብ ሆኖ ሲቀር ማየት አልፈልግም። ወጣቱ አንብቦ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ በሁለተኛው ዓመት መጻፉን ይተዋል። ከተነበቡት መካከል አንዱ እንኳን እዚሁ ከተማችን ባለው ሙሉዓለም አዳራሽ መድረክ ላይ እንዲወጣ፣ ለተዋንያኑም እንዲከፈል ከአሁኑ ቃል ካልተገባ፣ ድጋፌን አትጠብቁ። የተማሪዋን ረቂቅ ግን ላንብበው፤ እስከ መጨረሻው ገጽ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦
በቃል ከተነገረ ይበቃል የምትሉ ካላችሁ እኔ አይበቃኝም፤ «ረቂቁ ለማንም አይገባ» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። ከዚያ በኋላ ከክፍሌ ሦስት ልጆች አመጣለሁ።

የዕድር ጸሐፊ (ቀበሌ 14)፦
ክርክራችሁን ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ ቴአትር ብዙ አላውቅም። የእኛ ዕድር አዳራሽ እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ ባዶውን ነው የሚውለው፤ አግዳሚዎችም አሉት። ለዳኛው ነግሬያቸዋለሁ፣ ኪራይ አንጠይቅም ብለዋል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሰው ያረፈ እንደ ሆነ ግን አዳራሹም አግዳሚውም ለለቅሶ ስለሚፈለግ፣ ንባቡ ወደሚቀጥለው እሑድ ይዛወራል።