የልጄ እጅ ግሉኮስ የተተከለበት ቦታ አብጧል፤ አሁን ምን ላድርግ?

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። ሆስፒታል ነን። የልጄ እጅ ካኑላው፣ ግሉኮሱ የሚገባባት ቀጭን ቱቦ፣ ያለበት ጋ አብጧል። ሲነኩት ይጮሃል። ግሉኮሱ ግን አሁንም እየወረደ ነው። ሲስተሯን ጠራኋት፣ «እሺ መጣሁ» ብላ ሌላ ልጅ ጋ ገባች። ነቅዬ ልጣለው? ትናንት ሲተክሉለት ደግሞ «እናት ውጪ» ተብዬ በር ላይ ቆሜ ጩኸቱን ስሰማ ነበር። ይሄ ከተነቀለ እንደገና ሊወጋ ነው። በቃ አልችልም።

ፍቅር ያሸንፋል፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አይዞሽ።

የሜካኒኩ ልጅ፦
ቱቦው ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ነገር አለች። ጠብታው እስኪቆም አሽከርክሪያት። አለቀ።

ታዛቢው፦
ወደ ነርሷ ከመጮህሽ በፊት ክፍሉን ዞር ብለሽ እዪው። ስንት ልጅ ተኝቷል? ስንት ነርስ አለ? «መጣሁ» ማለት «ናቅኩሽ» ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው የእኔ ልጅ ይቅደም ነው የሚለው።

የናቲ እናት፦
ወንድሜ እኔ ማንንም አልሰደብኩም። አልጋው ሙሉ ነው፣ ለሊት ተረኞቹ ሁለት ናቸው። አውቃለሁ። ግን እጁ እያበጠ ነው፣ ምን ልሁን ታዲያ?

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
እህቴ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ራስሽ እንዳትነቅዪው። የመጀመሪያው ሥራ ጠብታውን ማቆም ነው። ከዚያ ነርሷ አይታው ነው የሚነቀለው። አንዳንድ መድኃኒት ከደም ስር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቆዳ ይጎዳል። እንዲህ ያለው ሲሆን ካኑላው ሳይነቀል በእሱው የሚሳብ ነገር ሊኖር ይችላል።

አሁን ስልኩን ይዘሽ አትቀመጪ። ሂጂና እንዲህ በያት፦ «ካኑላው ያለበት እጅ አብጧል፣ ጠብታው አሁንም እየገባ ነው፣ መጥተሽ አቁሚልኝ።» «ልጄ እያለቀሰ ነው» አትበያት። እኛ ክፍል የማያለቅስ ልጅ የለም። እንዲያውም የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው። «አብጧል» ስትያት ግን የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ትመጣለች። እሷ ካልቻለች ሌላዋን ተረኛ፣ እሷም ከሌለች ሐኪሙን ጥሪ። ይሄ ጠብ መፍጠር አይደለም።

ስትመለሺ ደግሞ ንገሪኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ኪሎውስ? ምኑን ነው ያመመው? ግሉኮሱ ባዶውን ነው ወይስ መድኃኒት አለው?

እማማ ብርቄ፦
ልጄ፣ እኔ አራት አሳድጌያለሁ። ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ በጨርቅ አድርጊለት፣ እብጠቱን ይመጠዋል።

አዲሱ ገበያ፦
ሙቅ ሳይሆን በረዶ ነው እማማ። ኳስ ስንጫወት ሲያብጥ በረዶ ነው የምናደርገው።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሙቁም በረዶውም ይቆይ። የትኛው እንደሚደረግ የሚወሰነው በገባው መድኃኒት ነው። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። እጁን ከፍ አድርጎ ማቆየት ግን ማንንም አይጎዳም።

የናቲ እናት፦
መጣሁ። ያልሽኝን ቃል በቃል ነገርኳት፣ ወዲያው ተነሳች! ዘግታ ነቀለችው። እጁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊለት አለችኝ። 1 ዓመት ከ4 ወር ነው። 9 ኪሎ። ሳንባ ምች ነው ያሉት። መድኃኒቱ ነጭ ዱቄት ነው፣ በውሃ በጥብጠው በስሪንጅ ነው የሚሰጡት፤ ስሙን አላውቀውም። አሁን በሌላ እጁ ልትተክልለት ነው። ካኑላ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ ተብያለሁ። የቱን ነው የምገዛው?

ሰሚ መድኃኒት ቤት፦
ቢጫዋን በይ። 24 ቁጥር።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
ሰሚ ልክ ነው፣ ለእሱ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው 24 ነው። ትንሽ ጠና ላሉት ሰማያዊው 22። ቢሆንም በወረቀት አጽፊያት። ቁጥሩ ሲጨምር ካኑላው እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። «24 የለም፣ 20 ውሰጂ» ቢሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ፤ እሱ ሮዙ ነው፣ ወፍራም ነው። ከቻልሽ ሁለት ግዢ። የሕፃን ደም ስር በመጀመሪያው ላይገኝ ይችላል፣ ለሊት ሁለቴ ከምትወርጂ ይሻልሻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ መጀመሪያ ኤምላ የሚባል ማደንዘዣ ቅባት ይቀቡትና አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ልጁን በአሻንጉሊት የሚያጫውት ባለሙያም ይመጣል። ለምን አትጠይቂያቸውም?

አዲሱ ገበያ፦
አሻንጉሊቱንም ከውጭ ግዢ ይሏታላ 😂

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የማውቀውን ነው የተናገርኩት ወንድሜ።

የናቲ እናት፦
ገዝቼ መጥቻለሁ። አሁንም ውጪ ትለኛለች መሰለኝ። መግባት መብቴ ነው ወይስ አይደለም?

ታዛቢው፦
እናቱን ሲያይ ልጅ ይብስበታል። ሲስተሯ ትሥራበት ተያት። ሁለት ደቂቃ ነው።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
ወንድም ታዛቢ፣ በዚህስ አልስማማም። ልጅ እናቱን ሲያይ ጮክ ብሎ የሚያለቅሰው የሚሰማው ሰው ስላገኘ ነው። ከእናቱ ሲለይ ዝም የሚለው ደግሞ ስለተሻለው አይደለም።

የነርሷንም ወገን ልንገራችሁ ግን። «እናት ውጪ» የምንለው ከክፋት አይደለም። መርፌው ሊገባ ሲል እጁን የምትስብ እናት አለች። ራሷን ስታ የወደቀች እናትም አለች፤ ልጁን ትተን እሷን ነው ያነሳነው። ስለዚህ «መብቴ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። «ሲስተር፣ እጁን አልስብም፣ አቅፌ ልያዝልሽ?» በያት። የሥራ ረዳት ስታገኝ ደስ ነው የሚላት።

አያያዙ እንዲህ ነው። አልጋ ላይ አጋድመው ሦስት ሰው እንዲጫኑት አታድርጊ። ጭንሽ ላይ ፊቱን ወደ ደረትሽ አድርገሽ አስቀምጪው። እግሮቹ በወገብሽ ግራና ቀኝ ይሁኑ። አንዱ እጁ በብብትሽ ስር ይግባ። የሚወጋው እጅ ወደ ሲስተሯ ይዘርጋ፣ እሱን ሌላ ሰው አጥብቆ ይያዝ። በአፉ መውሰድ ካልተከለከለና ትንፋሹ ካላስቸገረው ጡት እየጠባ ቢሆን ደግሞ ሕመሙ ይቀንስለታል።

«አያምም» አትበዪው። ያማል። «ትንሽ ያማል፣ እኔ አለሁ» በዪው።

አዲሱ ገበያ፦
የ1 ዓመት ልጅ ይሄን ይሰማል እንዴ?

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
ቃሉን ባይሰማ ድምፁን ይሰማል። ከተረበሽሽ ይረበሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ አጋጣሚ ብሶቴንም ልተንፍስ። ቤት ውስጥ «ካላረፍክ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች» የምትሉ ወላጆች እባካችሁ። አያ ጅቦ አደረጋችሁን እኮ! ልጁ ታሞ ሲመጣ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹን እንኳ በወጉ መቁጠር አልቻልንም።

እማማ ብርቄ፦
ይሄስ እውነት ነው ልጄ። እኛም እንዲያ እያልን ነው ያሳደግነው።

መምህሩ፦
ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ ያለ ግንዛቤ ብንይዝ መልካም ነው። ወላጅ ከታመመ ልጁ ጋር ይሁን የሚለው አሠራር በሌላውም ዓለም ድሮ የነበረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ሆስፒታል ወላጅ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በሰር ሃሪ ፕላት የተመራ ኮሚቴ ይህ እንዲቀር፣ ወላጅ በፈለገው ሰዓት እንዲገባና የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ የሚል ሪፖርት አወጣ። እኛ አገር አስታማሚ ከአልጋው ስር ጋቢ አንጥፎ ሲያድር ኋላ ቀርነት የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

ሙያውም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ሳሉ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆነዋል። ከድል በኋላ አገራቸው ገብተው ብዙ ሳይቆዩ በ1942 እ.ኤ.አ. ለቀምት ላይ አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

አዲሱ ገበያ፦
መምህር፣ ልጁ እየተወጋ ነው፣ እርስዎ ለንደን ገብተዋል 😂

ፍቅር ያሸንፋል፦
ተወው፣ እኔ ጦር ኃይሎች የማን እንደነበር አላውቅም ነበር። ይቀጥሉ መምህር።

ጠቅ፦
እህቴ ቱቦው ላይ የምትሽከረከር ነገር አለች፣ እሷን ብትዘጊያት ጠብታው ይቆማል።

የሜካኒኩ ልጅ፦
ያልኩትን ነው የደገምከው። ደግሞ ተነቅሏል እኮ።

የናቲ እናት፦
ተተከለ። አስገባችኝ! አቅፌው ነበር። በመጀመሪያው አልተገኘም፣ በሁለተኛው ተገኘ። እጁን በካርቶን አስረውለታል። አሁን እንዳያብጥ ምን ልጠብቅ? ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሚመዝኑት ለምንድን ነው? ዳይፐሩንም አትጣይ ብለውኛል፣ እሱ ምን ይሠራላቸዋል?

የሁለት ልጆች አባት፦
እኛንም ዳይፐር አትጣሉ ብለውን ባለቤቴ ጋር ተሳስቀን ነበር። ለካ ይመዝኑታል።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
ጎበዝ። ካርቶኑ እጁን እንዳያጥፈው ነው። ጣቶቹ ግን ይታዩ፣ በፕላስተር ተሸፍነው ከሆነ ክፈቱልኝ በይ። አልፎ አልፎ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አወዳድሪ። አንዱ ወፈር ካለ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከቀላ፣ ፕላስተሩ ከረጠበ፣ ወይ መድኃኒቱ ሲገባ ተነስቶ ከጮኸ ጥሪያት። ሲተኛም ብርድ ልብሱን ገልጠሽ እዪው። የተሸፈነ እጅ ነው ሳይታወቅ የሚያብጠው።

ክብደቱ ለመድኃኒቱ ነው። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ይሰላል። ለአዋቂ እንደሚደረገው «አንድ ፍሬ ዋጥ» የለም። ግሉኮሱም እንደዚያው። ከዚህ ሌላ በአንድ ቀን ክብደቱ ድንገት ከጨመረ ውሃ እየበዛበት ይሆናል፣ ከቀነሰም እየደረቀ። ዳይፐሩም የዚያ ወንድም ነው። ደረቁ ስንት ግራም እንደሆነ ይታወቃል፣ የረጠበው ይመዘናል፣ ልዩነቱ ሽንቱ ነው። 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይያዛል። የጠባበትን፣ ያስታወከበትንና ያሸናበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ ጻፊ። ጠዋት ዙር ላይ ሐኪሙ ሲጠይቅ መልሱ የሚገኘው ካንቺ ነው። እኛ ብዙ ልጅ ነው የምናየው፣ አንቺ አንድ ነው።

መድኃኒቱንም ስሙን ጠይቂ። «ምንድን ነው የምትሰጪው፣ ለምን?» ማለት ነውር አይደለም። ከዚህ በፊት መድኃኒት ተቆጥቶት የሚያውቅ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

ታዛቢው፦
እንዳንቺ ዓይነት ነርስ ቢበዛ ማን ያማርር ነበር።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
እኔም ብዙ ሕመምተኛ ባለበት ለሊት «መጣሁ» ብዬ እሄዳለሁ ወንድሜ። ቅድም ያልከው ያንተ ነጥብ እሱ ላይ ትክክል ነበር።

ፍቅር ያሸንፋል፦
የናቲ እናት፣ ናቲ እንዴት አደረ?

የሁለት ልጆች አባት፦
ዝም አለች። ስልኳ ዘግቶባት ይሆናል። እዚያ ቤት ያለችውን አንድ ሶኬት ስንት አስታማሚ ነው የሚጋፋት!

ሕሊና ከሐዋሳ፦
ገብቼበት ይቅርታ። እኛም በሳንባ ምች ተኝተን ትናንት ወጣን። ልጄ 2 ዓመቷ ነው። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ትበላለች፣ ግን አሁንም ታስላለች። ተመልሼ ልሂድ?

እማማ ብርቄ፦
ማርና ዝንጅብል ልጄ።

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
እማማ፣ ማሩን እሺ፣ ከ1 ዓመት በላይ ስለሆነች ችግር የለውም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ግን ማር በፍጹም።

ሕሊና፣ የታዘዘላትን ሽሮፕ ተሻላት ብለሽ አታቋርጪ። ሳሉ ብቻውን ከሆነ፣ ከበላችና ከተጫወተች ቆይቶ ይለቃታል። የምትቆጥሪው ትንፋሽ ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50 ነው። ከፈጠነ፣ ወይም ስትተነፍስ የታችኛው ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ውሰጃት። መጠጣት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስታወከች፣ ካንቀጠቀጣት ወይም አልነቃ ካለች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት።

ሕሊና ከሐዋሳ፦
ተኝታ ነው ነቅታ የምቆጥረው?

ሲስተር ነኝ ከጎንደር፦
የቱም ይሁን፣ ብቻ እያለቀሰች ወይም እየጠባች አይሁን። ልብሷን ከፍ አድርጊና ሆዷን እዪ። የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 እንዳታባዢ፣ የልጅ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ቀስ ስለሚል ያሳስትሻል።