ለአፓርትመንታችን ሶላር ብናስገባ ካርቦን የምንቀንሰው ከየት ነው?

ጠያቂ (የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖርበት ሕንፃ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሲሆን የሊፍቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የደረጃ መብራቱን ወጪ የሚሸፍነው ማኅበራችን ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የምናስነሳው ጄኔሬተር በወር ወደ 200 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። አንድ አቅራቢ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 30 ፓነሎች ጣሪያው ላይ ቢተከሉ የመብራት ሂሳባችንም፣ ሕንፃው የሚለቀው ካርቦንም በእጅጉ እንደሚቀንስ አስረድቶናል፤ ያቀረበው ዋጋ ግን ባትሪን አይጨምርም። ለጠቅላላ ጉባኤው ከማቅረቤ በፊት ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚያውቅ ቢነግረኝ።

መልስ 1 (የኤሌክትሪክ መሐንዲስ)

አቅራቢው ያልነገራችሁ ዋና ነገር አለ። ያለ ባትሪ የሚገጠምና ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓነሎቹን ኃይል ሕንፃው ወደሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ)፣ መብራት ሲጠፋ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች አደጋ እንዳይደርስባቸው ሲባል ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ፀሐይ እየጠበሰች እናንተ ጄኔሬተር ታስነሳላችሁ። ቀን ቀን የምትተኩት ደግሞ ከመስመር የሚመጣውን ኃይል ሲሆን፣ የአገራችን ኃይል ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ፣ ጥቂቱም ከነፋስ የሚገኝ በመሆኑ ሂሳባችሁ ቢቀንስም የምታስቀሩት ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ካርቦናችሁ ያለው ናፍጣው ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ 200 ሊትሩ በየወሩ ከግማሽ ቶን በላይ ይሆናል። ትልቅ ጄኔሬተር ለደረጃ አምፖሎች ብቻ ሲነሳማ በሚሰጠው ኃይል ልክ ሲታይ ብክነቱ የባሰ ነው። በእኔ ግምት ፓነሉን ወደ 15 ዝቅ አድርጋችሁ፣ በተረፈው ገንዘብ ከመስመርም ከባትሪም የሚሠራ ሃይብሪድ ኢንቨርተርና የሊቲየም ባትሪ ብታስገቡ ይሻላል። ሊፍቱ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ኢንቨርተሩ ያንን መሸከሙን አስቀድማችሁ አስለኩ።

መልስ 2 (የሕንፃ አስተዳዳሪ)

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ከመስመር የሚቆጠበው ኃይል ዋጋ የለውም በሚለው ግን አልስማማም። ቀን ላይ በፀሐይ የተሠራው ሥራ ውሃው ለምሽት በግድቡ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ፀሐይ የምትበረታውም በበጋ፣ ማለትም የግድቦቹ ውሃ እየቀነሰ በሚሄድበት ወቅት ነው።

ስለ ጣሪያው ልጨምር። እኛ ፓነሎቹን ከሮቶዎቹ በስተ ሰሜን ደረደርናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የሮቶው ጥላ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፓነሎች ላይ ያርፍ ነበር። በአንድ መስመር በተከታታይ የተያያዙ ፓነሎች ደግሞ የአንዱ መዳከም ሌሎቹንም ይጎትታል። ባለሙያ ከፍለን ወደ ደቡብ ጠርዝ አዛወርናቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ማዘንበል ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብላችኋል። እግሮቹ ሲታሰሩ የጣሪያው ውሃ መከላከያ መበሳቱንና አለመበሳቱን ቆማችሁ ተመልከቱ፤ እኛ ያወቅነው ክረምት ሲገባ በዘጠነኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ነው።

መልስ 3 (ከእስራኤል)

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት ሲሠራ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲገጠም ሕግ ያስገድዳል፤ ጣሪያዎቻችን በበርሜል የተሞሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃን በቀጥታ በፀሐይ ማሞቅ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በቦይለር ከማሞቅ ይልቅ ቦታ ይቆጥባል። ነዋሪዎቹ በየቤታቸው ቦይለር ካላቸው ይህንንም አስቡበት፤ ነገር ግን ከጣሪያ እስከ ታችኛው ፎቅ የሚዘረጋው ቧንቧ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ቀላል እንዳልሆነ አልክድም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጥበቃዎቹን መዝገብ አይቼ ጄኔሬተሩ በብዛት የሚነሳው ውሃ ለመግፋት መሆኑን አገኘሁ። ፓምፑን እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ አሠርተን ሮቶዎቹን ብንሞላ፣ የምንገዛው ባትሪ መጠን ይቀንሳል ማለት ነው?

መልስ 1 (የኤሌክትሪክ መሐንዲስ)

በትክክል። የተሞላ ሮቶ ራሱ ባትሪ ነው፤ ለዚያውም የማያረጅ። ፓምፑ የሚፈልገውን ኪሎዋት ከሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብበው ይጻፉልኝ፤ ለሊፍቱና ለደረጃው መብራት ብቻ ምን ያህል ባትሪ እንደሚበቃ አብረን እናሰላለን። የክረምቱን ስሌት ግን ለብቻው እንሠራዋለን፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ ጄኔሬተሩን ገና አትሽጡት።