ማራንትዝ ኤስአር8015 ያላችሁ ሰዎች፣ ጎንደር ላይ ያዋጣል ትላላችሁ?

የማራኪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለጥምቀት ይመጣል። ያገለገለ ማራንትዝ ኤስአር8015 ሪሲቨር (የፊልሙን ድምፅ አጉልቶ ለብዙ ስፒከሮች የሚያከፋፍል ዕቃ) በደህና ዋጋ አግኝቷል፤ «ላምጣልህ ወይ?» እያለኝ ነው። አሁን ያለኝ ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር አብሮ የመጣ አሮጌ ሆም ቴአትር ነው።

ሳሎኔ አራት በአምስት ሜትር ናት። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ማታ ማታ ፊልም አያለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ኳስ አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኤክስቦክስ ይጫወታል። ገንዘቡን ያወጣል ወይ? የኛን መብራትስ ይችለዋል? ባለቤቴ «ቡፌው ውስጥ ካልገባ አላየውም» ብላለች፤ እሱንም አስቡልኝ።

አዘዞ ነኝ፦

እኔ አለኝ። የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ነው ያመጣልኝ። ስለ ድምፁ ከማውራቴ በፊት ግን ወንድምህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። አሜሪካ የሚሸጠው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከሰካኸው በዚያው ቀን ትሰናበተዋለህ። ቮልት መቀየሪያ ቁልፍ የለውም፤ አትፈልገው። የአውሮፓው ግን በ230 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ያለ ምንም ትራንስፎርመር እዚህ ይነሳል። ሞዴሉ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ፊቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ውስጡ ነው።

«ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» ካልክ ይቻላል። ግን ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ይሄ ዕቃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሙቀት የማያጣ ነው።

ስለዚህ ቡፌውን እርሳው። ባለቤትህን በደንብ አስረዳት፣ ሲከፋም ሽማግሌ ላክ። ሪሲቨሩ ከላይም ከጎንም ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀጭን ነው፤ ቀጭን አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። የኛ ቤት ሰው አናቱ ላይ ዳንቴል አልብሰውት አግኝቼ በልመና ነው ያስነሳሁት። አሁን ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ሆኗል፤ ሰላም ወርዷል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። በጣም እወደዋለሁ። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ይወጣል። ሹክሹክታ ለመስማት ድምፅ ጨምረህ፣ ፍንዳታ ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ የምትሯሯጥበት ጊዜ ያበቃል። ሳጥኑ ላይ 140 ዋት ይላል። ያ ቁጥር ሁለት ቻናል (ወደ ስፒከር የሚወጣ መስመር) ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው። አሥራ አንዱም ቻናሎች ባንዴ 140 ያገኛሉ ብለህ አትጠብቅ። አራት በአምስት ሳሎን ውስጥ ግን ለዚያ አትደርስም። እኔ አምስት ስፒከር ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ አንድ ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) አለኝ። የቀሩት አራት ቻናሎች ሥራ ፈት ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ግን «አሥራ አንድ ቻናል ነው» እላለሁ፤ ምን ላድርግ።

ኮርኒስህ አቡጀዲ ከሆነ፣ ድምፁን ወደ ላይ ተኩሰው ከኮርኒስ የሚያነጥሩትን የአትሞስ (ድምፅን ከአናት በላይም የሚያሰማ ሥርዓት) ስፒከሮች እንዳትገዛ። እነሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ነው የሚፈልጉት። ጨርቁ ድምፁን አሳልፎ ለቆርቆሮው ይሰጠዋል። እኔ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አናት ላይ ሰቅዬ፣ ሜኑው ውስጥ «ፍሮንት ሃይት» ብዬ ሞላሁት። ሄሊኮፕተሩ ከላይ ያልፋል፤ ይበቃኛል።

አብሮት ማይክ አለ። ኦዲሲ የሚባለው መለኪያ በሱ ነው የሚሠራው። ማይኩን የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ታደርግና፣ ከዚያ ዙሪያውን እያዞርክ እስከ ስምንት ቦታ ትለካለህ። ከየስፒከሩ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ይወጣል። ይሄን ሥራ ቤቱ ጸጥ ሲል አድርገው። ውሻ ከጮኸ፣ ቡና ከተወቀጠ፣ ልጅ ከሮጠ ልኬቱ ይበላሻል። የኔን ለሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጨረስኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ካላደረግህ ኦዲሲ ብቻውን አይችለውም። የሚያስተጋባ ቤት ያስተጋባል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ደግሞ ምንም ማራንትዝ አያድንህም። ፊልሙን አቁመህ ቡና ጠጣ።

የአራዳ ቴክኒሻን፦

ስለ መብራቱ እኔ ልጨምር፤ የዚህ ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚመጣ። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ቮልቱ አንዴ ዘሎ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀለው። «በሪሞት አጥፍቼዋለሁ» አይበቃም፤ ስታንድባይ ላይ ነው ያለው። ስታቢላይዘር ስትገዛ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ምረጥ፤ ለፍሪጅ የሚሸጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ዋቱን ከሪሲቨሩ ጀርባ ከተጻፈው በደንብ አስበልጥ። ለምድር ሽቦ ደግሞ ኤሌክትሪሻን ጥራ። ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ የሆነ ሶኬት እዚህ ከተማ ስንት አለ መሰላችሁ።

አዲስ አበባ፦

ገንዘብ ካለህ ግዛ እንጂ፣ እኔ ለ2020 ሞዴል አላወጣም። የዚያን ዓመት ሪሲቨሮች ብዙዎቹ የኤችዲኤምአይ 2.1 (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ መስመር) ቺፕ ችግር ነበረባቸው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን በ4ኬ ጥራት፣ በ120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ምስል) ስታሳልፍ ምስሉ ይጠፋል። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አዳፕተር ሰጥቷል፤ ወንድምህ ሻጩን «አዳፕተሩ አብሮ አለ?» ብሎ ይጠይቅልህ። 8015 ላይ 8ኬ (ከ4ኬ የሚበልጥ የምስል ጥራት) የሚቀበለው መግቢያም አንድ ብቻ ነው። በ2022 የወጣው ዴኖን ኤክስ3800ኤች ባለ 9 ቻናል፣ 105 ዋት ነው፤ ስድስቱም መግቢያዎች 8ኬ ናቸው። ከፈለግህ ዲራክ ላይቭን (እንደ ኦዲሲ ያለ የድምፅ መለኪያ) ከፍለህ ትጨምርበታለህ። 8015 ላይ ያ የለም።

አዘዞ ነኝ፦

ስለ ኤክስቦክሱ ልክ ነህ። ግን ኤክስቦክሱን ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ድምፁን በኢአርክ (ከቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅ የሚመልስ መስመር) ወደ ሪሲቨሩ ማምጣት ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑ ኢአርክ ካለው ነገሩ አለቀ። ዴኖኑ ጥሩ ዕቃ ነው፤ አልከራከርም። እኔ ማራንትዙ ፊት ላይ ያለችውን ያቺን ክብ መስኮት ነው የወደድኳት። ሰው ለዓይኑም ይገዛል።

የቀበሌ 18 ልጅ፦

እኔ ሪሲቨር የለኝም፤ ሪሲቨር ያለው ጎረቤት ግን አለኝ። ኧረ አንተየ፣ ሳብዉፈሩን የጋራ ግድግዳ ላይ አታስደግፈው! የኛ ቡፌ ብርጭቆ ሁሉ በሱ ፊልም ይንቀጠቀጣል። ፍልሰታን በግማሽ እንቅልፍ ነው የጾምኩት።

የማራኪው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ፎቶውን ላከ፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ተወው አልኩት። አዳፕተሩም የለም አሉት። ሽቱትጋርት የሚስቴ ታናሽ ወንድም አለ። እሱ ለፋሲካ ይመጣል። እህቱ የጠየቀችውን አይከለክልም፤ እኔ የጠየቅሁትን ግን ያስብበታል። ስለዚህ በእሷ በኩል ነው የምገባው። ማራንትዝ ይሁን ዴኖን ገና አልወሰንኩም። ክብደቱስ እንዴት ነው፣ በሻንጣ ይገባል?

አዘዞ ነኝ፦

8015 ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል፣ ካርቶኑ ሳይቆጠር። አንዱን የ23 ኪሎ ሻንጣ እንዳለ ይበላል። ከዋናው ካርቶንና ፎሙ አያውጣው፤ ልብስ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ለዚህ አይሆንም። ደረሰኙን በእጁ ይያዝ፤ ጉምሩክ ይጠይቀዋል። ማይኩን ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን አይቶ ይዝጋው፤ ያገለገለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሷ ናት። ቡፌውን ግን ከሚስትህ ጋር አሁኑኑ ጨርስ፣ ዕቃው ሳይመጣ።