ከፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገው ኮላጅን ከምን ነው የሚሠራው?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ቀለበት አልወልቅ ብሎ አስቆረጥነው፤ ጫማዋም ከ38 ወደ 40 ሄደ። ለካ ፒቱታሪዋ (ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ላይ ቲዩመር በቅሎ የእድገት ሆርሞን እያመነጨ ኖሯል። ሐሙስ በአፍንጫዋ በኩል በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ያወጡላታል። ሐኪሙ «ክፍተቱን በኮላጅን ሽፋን እንዘጋለን፣ ካስፈለገም ከሆድሽ ትንሽ ስብ እንወስዳለን» ሲላት «ከአሳማ ከሆነ አልፈርምም» አለች። ይህ ኮላጅን የሚሉት ፕሮቲን ከምንድን ነው የሚሠራው? በኋላስ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል?

መልስ 1
እህቴ፣ እኔም ተሠርቼአለሁ። ለኔ ሽፋንና ማጣበቂያ ብቻ ነበር ያደረጉልኝ። በ4ኛው ቀን ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ከቀኝ አፍንጫዬ ንጹህ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ ጉሮሮዬ ውስጥ ጨው ጨው ይለኛል። ንፍጥ መስሎኝ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። የአንጎል ውሃ ነበር። ውሃው መውጫ ካገኘ ጀርም መግቢያ አገኘ ማለት ነው፤ ማጅራት ገትር የሚፈራው ለዚህ ነው። ተመልሰው ገብተው የሆዴን ስብ ወተፉበት፤ ከላይ ደግሞ የአፍንጫዬን መካከለኛ ግድግዳ ልባስ ከነደም ሥሩ ገልብጠው ሸፈኑት። ያ ያዘ። ስለዚህ ከኮላጅኑ ይልቅ ይህን ጠይቂ፦ «ቀዶ ሕክምናው ላይ ውሃ ከፈሰሰ በምን ትዘጉታላችሁ?» ማስነጠስ ከመጣባት አፏን ከፍታ ታስነጥስ፤ መናፈጥ፣ ሽንት ቤት ማማጥ፣ በስትሮ መጠጣት አይፈቀድም። ትኩሳትና የአንገት መገተር ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት።

መልስ 2 (የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ)
የእናትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከበሬ የእግር ጅማት የሚሠራ አለ፣ ከፈረስ አለ፣ ከአሳማ አንጀትም አለ። ከእንስሳ ያልሆነ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያም አለ። የዕቃውን ስም ጠይቂ፤ የማትፈልገውንም ከመፈረሟ በፊት መዝገቧ ላይ ይጻፍላት። ኮላጅኑ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ የራሷ ሥጋ ቦታውን ይወስዳል። ስቡ ግን ኤምአርአይ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በኋላ ፊልሙን ስታዪ የቀረ ቲዩመር ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ጠያቂ
ዛሬ ደወልኩ፤ ከበሬ ነው፤ እማዬም ፈረመች። ውሃ በብዛት ከፈሰሰ የአፍንጫዋን ልባስ እንደሚጠቀሙ ነገሩኝ። ጫማዋን እኔ ነኝ የማስርላት።