አስቸኳይ፦ ከሁቨር ግድብ በላይ ኮረብታው ላይ ነን፤ ጂፒኤሱ «ደርሰሻል» ይላል፣ ሣጥኑ ግን የለም

ሐይቅ_ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጂኦካሺንግ (በጂፒኤስ የተደበቀ ሣጥን የመፈለግ ጨዋታ) የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከድሮው የባቡር ሐዲድ መንገድ ወጣ ብለን ኮረብታው ላይ ነን፣ ልጆችም አሉ። ስልኩ 4 ሜትር ቀረሽ ይላል፤ ድንጋዩን ሁሉ ገለበጥነው፣ ምንም የለም። ቀስቱ ደግሞ ዝም ብሎ ይዞራል። የቦታው ቁጥር (ኮኦርዲኔት) መጨረሻ በሰሜን 01.010፣ በምዕራብ 44.510 ነው። የጨዋታው አፕ አልከፈት ስላለኝ ስልኩ ካርታ ላይ ሰሜን 36 01 01.0፣ ምዕራብ 114 44 51.0 ብዬ አስገባሁ። ሊመሽብን ነው። ባትሪ 21%።

ኮምፓስ፦ ቀስቱ የሚዞረው ኮምፓሱ ስለተዛባ ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ልባስ ካለሽ አውጪው። ከዚያ ስልኩን በአየር ላይ 8 ቁጥር እየሠራሽ አምስት ስድስት ጊዜ አዙሪው።

ነባር_ፈላጊ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የአንድን ካሽ (የሚፈለገው ነገር) ቁጥር በአደባባይ መጻፍ ነውር ነው፤ ለሌላው ፈላጊ ጨዋታውን ታበላሺበታለሽ። ሁለተኛ፣ ጂፒኤስ ጣት አስቀምጦ የሚያሳይ ነገር አይደለም። አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ያቆመችው በሜይ 2000 መጀመሪያ ነው። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ የመጀመሪያውን ባልዲ ደበቀ፤ ጨዋታው የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬም ቢሆን ሜዳ ላይ እስከ 5 ሜትር፣ ገደል ሥር ከዚያ በላይ ይስታል፤ የደባቂው ስልክም የራሱ ስህተት አለው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር ዙሪያውን ፈልጊ። ስታገኚ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የፈላጊዎች መዝገብ ላይ በእርሳስ ፈርሚ፣ ዕቃ ከወሰድሽ እኩያውን ተኪ፣ መንገደኛ እያየሽ አትክፈቺ።

ባለ_ኤሌክትሪክ፦ እዚያ አካባቢ የከፍተኛ ኃይል መስመር ሞልቷል። ጂፒኤሱን የሚረብሸው እሱ ነው፣ ከምሰሶዎቹ ራቁ።

ካርታ_አንባቢ፦ አይደለም። መስመሩ የሚሠራው በ60 ኸርዝ ነው፣ የጂፒኤስ ምልክት ደግሞ በ1575.42 ሜጋኸርዝ። አይገናኙም። እዚያ የሚያስቸግረው ቋጥኙ ነው፤ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመጣና ስልኩን ርቀት ያሳስተዋል። የምሰሶው ብረት የሚያዛባው ኮምፓሱን ብቻ ነው። ሐይቅ_ዳር፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ከቆምሽበት ግድቡ ይታያል?

ሐይቅ_ዳር፦ አይታይም፣ ጉብታ ጋርዶታል። ግን እኮ 4 ሜትር ነው የሚለው!

ኮምፓስ፦ 8 ቁጥሩን ሠራሽ? ልባሱን አውጥተሽ ነው?

ካርታ_አንባቢ፦ የካሹ ድረ ገጽ መግለጫ «ግድቡን እያየህ» የሚል ከሆነ ቦታው ላይ አይደለሽም። የጂኦካሺንግ ቁጥር ዲግሪና ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው የደቂቃ ክፍልፋይ እንጂ ሰከንድ አይደለም። 44.510 ማለት 44 ደቂቃ ከ30.6 ሰከንድ ነው፤ አንቺ ግን 51 ሰከንድ ብለሽ አስገባሽው። የ20.4 ሰከንድ ልዩነት እዚያ ኬክሮስ ላይ 510 ሜትር ወደ ምዕራብ ይወስድሻል። የሰሜኑ 01.010 የሚስተው በ12 ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው ያልጠረጠርሽው። ስልኩ አልተሳሳተም፣ የሰጠሽው የተሳሳተ ነጥብ ጋ በትክክል አድርሶሻል።

አሁን የነበረውን አጥፊና እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ 36.01683, -114.74183። ደቂቃውን ከነክፍልፋዩ ለ60 አካፍሎ ከዲግሪው ላይ መደመር ነው። የመቀነስ ምልክቷን እንዳትረሺ፤ ያለ እሷ ካርታው ሰሜን ቻይና ያወጣሻል። ቦታው ከአንቺ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ቀስቱን ተከትላችሁ ሸለቆውን በቀጥታ እንዳትቆርጡ፣ ወደ ሐዲዱ መንገድ ተመልሳችሁ በእሱ ሂዱ።

ጥላ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሣጥን አለ ያለሽ ማን ነው? ያ ቦታ የሌክ ሚድ ብሔራዊ መዝናኛ ክልል ነው። ያለ ፓርኩ ፈቃድ ዕቃ መደበቅ ክልክል ነው፤ ግድብ አጠገብ ባለቤት የሌለው ሣጥን ቢገኝ ደግሞ ፖሊስ ያስጠራል። ገጹ ላይ ከስሙ ጎን ያለው ምልክት ምንድን ነው? አረንጓዴ ሣጥን፣ የመሬት ሉል ወይስ ነጭ መንፈስ?

ሐይቅ_ዳር፦ ነጭ መንፈስ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ባትሪ 14%።

ጥላ፦ በቃ፣ ይሄ ቨርቹዋል ካሽ ነው። ሣጥንም መዝገብም የለውም፣ ስለዚህ ድንጋይ መገልበጡን አሁኑኑ ተዉ። እባብና ጊንጥ የሚያድረው ከዚያ ሥር ነው፤ ልጆቹ እጃቸውን ስንጥቅ ውስጥ እንዳይከቱ፣ የገለበጣችሁትንም ወደ ቦታው መልሱ። የሚፈለግባችሁ ቦታው ላይ ቆሞ መግለጫው ውስጥ ያለውን ጥያቄ መመለስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቆጠር ነገር ወይም ሰሌዳ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፣ አንዳንዱ ፎቶም ይጠይቃል። መልሱን ለባለቤቱ በመልእክት ትልኪለታለሽ፣ ከዚያ «አግኝቻለሁ» ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። የመሬት ሉል ቢሆን ኖሮም ሣጥን የለውም፣ ጥያቄው ስለ ዓለቱ ይሆን ነበር። አጥር ካጋጠማችሁ እንዳትሻገሩ፤ የዚህ ዓይነት ካሽ አጥር አያሻግርም።

ነባር_ፈላጊ፦ ጥላ ልክ ነው፣ ዓይነቱን መጠየቅ ነበረብኝ። ቁጥሩን ግን ስታበቂ አጥፊው።

መሻገሪያ፦ ስለ መምሸቱ፦ ስልክሽ የአሪዞናን አንቴና ይዞ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ የብርድ ወራት አሪዞና ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ወንዙ ማዶ ስለሆነ ስልክ በየደቂቃው ይቀያየራል። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ካለ እሱን እዩ። ባትሪውን ለማቆየት የጥያቄዎቹን ገጽ ስክሪንሾት አንሺና ኤርፕሌን ሞድ አድርጊው። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ባትሪ የሚጨርሰው ስልኩ አንቴና ሲያሳድድ ነው። ካርታው እንዳይጠፋ ግን መጀመሪያ አዲሱን ነጥብ ክፈቺና አካባቢው እስኪጫን ጠብቂ። የመመለሻ መብራት የሚሆነው ይኸው ስልክ ከሆነ 8% ላይ ስትደርሺ ፍለጋውን ትታችሁ ተመለሱ፤ የሐዲዱ መንገድ ዋሻዎች በስተምዕራብ ናቸው፣ በጨለማ ውስጥ ወለሉ አይታይም።

ሐይቅ_ዳር፦ ቁጥሩን ቀየርኩት፣ አሁን 507 ሜትር ይላል። ወደ መንገዱ እየወረድን ነው። ሰዓቱም ያላችሁት ነው፣ በልጄ የእጅ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀረናል። ኤርፕሌን ላይ ላደርገው ነው።

ኮምፓስ፦ ከመሄድሽ በፊት አንዴ 8 ቁጥር አዙሪው።

ካርታ_አንባቢ፦ ስትደርሺ ስልኩን ይዘሽ ሁለት ደቂቃ ሳትነቃነቂ ቁሚ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ። ከቋጥኙ ሦስት እርምጃ ራቅ ማለትም ይረዳል። መኪናው ጋ ስትደርሱ አንድ ቃል ጻፊልን።