ባክግራውንድ ቼክ ላይ የሌላ ሰው ክስ በኔ ስም መጣ፣ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ያለሁት አሜሪካ ነው። ሥራ አግኝቼ ልጀምር ስል ባክግራውንድ ቼኩ (ቀጣሪው የሚያስደርገው የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) ረግጬው በማላውቀው ካውንቲ (ወረዳ በለው) የስርቆት ክስ አለበት ብሎ መጣ። ስሙ የኔው ነው፣ የትውልድ ቀኑ ግን ወሩም ዓመቱም አይገናኝም። ቀጣሪው "እናሳውቅሃለን" ብሎ ዝም አለ። ምን ይሻለኛል?

መላሽ 1፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ይስተካከላል። መጀመሪያ ሙሉ ሪፖርቱን እጅህ አስገባ። ቀጣሪው በዚህ ሪፖርት ምክንያት ሊተውህ ካሰበ፣ ከመወሰኑ በፊት ቅጂውን እንዲሰጥህ ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው ሕግ ያስገድደዋል። ከዚያ ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት ስህተት ነው ብለህ በጽሑፍ አመልክት። ክፍያ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መጨረስ አለባቸው።

መላሽ 2፦ ልክ ነው፣ ግን "እኔ አይደለሁም" ብቻ ብለህ እንዳትልክ፣ ማንም እንደዛ ይላል። ሪፖርቱ ላይ ያለውን የክሱን መዝገብ ቁጥር ጥቀስ። ፍርድ ቤቱ ጋ ደውልና የተከሳሹ የትውልድ ቀን ያለበትን ወረቀት ጠይቅ፣ ከመታወቂያህ ኮፒ ጋር አያይዘህ ተቀባዩ በሚፈርምበት ፖስታ ላከው፣ የላክኸውን ሁሉ ደግሞ ለራስህ አስቀር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቀጣሪውስ እስከዚያ ይጠብቀኛል?

መላሽ 1፦ እሱ እንኳ በነሱ ፈቃድ ነው። ብቻ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፍላቸው፣ ለድርጅቱ የላክኸውን የስህተት ማመልከቻም አያይዝ። ሲታረም የተስተካከለው ሪፖርት ለነሱም እንዲላክ ድርጅቱን ጠይቅ፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።